ለዓሣ ማጥመጃ ርካሽ ካያክ ስትመርጡ መጀመሪያ ቀፎውን እዩ

ርካሽ የማጥመጃ ካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ትንሽ ጀልባ፣ ሲፈለግ ቀድሞ ዓይን የሚስበው የማጥመጃ ዘንግ ማቆሚያው ብዛት፣ የኩባያ ማስቀመጫውና ቀለሙ ነው። ማቆሚያውና ማስቀመጫው ቀስ ተብሎ በትንሽ ገንዘብ የሚገጠሙ ነገሮች ናቸው። ቀፎው፣ ማለትም የካያኩ ዋና አካል፣ ግን አንዴ ከተገዛ በኋላ አይረዝም፣ አይሰፋም። እጅ ያጠረው ሰው ባዶውን ደህና ቀፎ ገዝቶ ሌላውን ቢያቆየው ይሻላል።

ለማጥመድ ሰው ከላዩ የሚቀመጥበት ዓይነት ይመረጣል። ቀፎው ዙሪያውን ዝግ ስለሆነ አየር ይይዛል፤ ወለሉን ከላይ እስከ ታች የሚበሱ ቀዳዳዎች ስላሉት የገባው ውኃ በራሱ ይወርዳል። ቢገለበጥ እንኳ አቃንቶ፣ በሆድ ተስቦ መውጣት ይቻላል። ውስጡ ተገብቶ የሚቀመጥበት ካያክ ቀለል ይላል፣ ከነፋስም ይከልላል፤ ከተገለበጠ ግን ውኃ ይሞላል፣ ከዳር ርቆ ያንን ውኃ መድፋት ደግሞ ብዙ ያለፋል።

ርዝመቱ ከ3 እስከ 3.6 ሜትር፣ ስፋቱ ከ76 እስከ 86 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለጸጥተኛ ውኃ ይበቃል። ከ3 ሜትር ያጠረው በእያንዳንዱ ቀዘፋ አፍንጫው ግራና ቀኝ ስለሚል ጉልበት የሚያልቀው አቅጣጫ በማስተካከል ነው። ስፋት ለጀማሪ ያረጋጋል፤ ነገር ግን ፍጥነት ይቀንሳል፣ ረጅም መቅዘፊያም ይጠይቃል። ክብደቱን ከመግዛታችሁ በፊት አንስታችሁ ሞክሩት። ከ25 እስከ 35 ኪሎ የሚመዝን ካያክ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፤ ብቻን ሆኖ መኪና ጣራ ላይ መስቀል ግን ሌላ ሥራ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመሸከም አቅሙ ላይ ነው። አምራቹ የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻውን ጣሪያ ነው፤ በምቾት የሚሠራበት 70 በመቶው ያህል ነው ብላችሁ አስሉ። 136 ኪሎ ይሸከማል ከተባለ ለእናንተ 95 ኪሎ ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 15 ኪሎ ዕቃ ሲይዝ እዚያው አለቀ ማለት ነው። ከመጠን በላይ የተጫነ ካያክ የሚታወቀው በወለሉ ቀዳዳዎች ውኃ ሽቅብ ወጥቶ መቀመጫው ላይ ሲያቁር ነው። ቀዳዳዎቹን በውታፍ መድፈን ቂጥን ያደርቅ ይሆናል እንጂ መፍትሔ አይደለም፤ ማዕበል ከላይ የሚያፈሰው ውኃ መውጫ ያጣል።

ለጠባብ በጀት ያገለገለ ካያክ ከአዲስ ርካሽ ካያክ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ምርመራው ላይ ግን አትቸኩሉ። ገልብጡትና የኋለኛውን ጫፍ ታች እዩ። መሬት ላይ ሲጎተት የሚበላው እዚያ ነው። ጭረት አያስፈራም። በአውራ ጣት ስትጫኑት ከአካባቢው ይልቅ የሚለሰልስ ቦታ ካለ ግን ፕላስቲኩ ሳስቷል። ቀጥሎ በእያንዳንዱ የወለል ቀዳዳ ውስጥ ባትሪ አብሩ። ዘንጋቸው ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ መጎተቻ ጋሪዎች ሙሉውን ክብደት እዚያ ላይ ስለሚያሳርፉ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከቀዳዳው ከንፈር ነው። የመቀመጫ ማሰሪያዎቹን፣ እጀታዎቹንና ቀድሞ ቡሎን የነበረባቸውን ቦታዎች ሁሉ ዳስሱ።

ከዚያ የውኃው ፈተና ይመጣል። ካያኩን ሁለት ድጋፍ ላይ አስቀምጡ፣ ወደ ቀፎው ውስጥ በሚያስገባው ቀዳዳ ክዳን በኩል ወደ 10 ሊትር ውኃ ወደ ቀፎው ሆድ ጨምሩ፣ ውጩን በጨርቅ አድርቁ። አሁን እያዘነበላችሁ ውኃውን ወደምትጠራጠሩት ቦታ ውሰዱ። ዝም ብሎ ሲቀመጥ የማያፈስ ስንጥቅ ሰው ሲቀመጥበት ሊከፈት ስለሚችል የመቀመጫውን ወለል በመዳፍ ጫን ጫን እያላችሁ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። እርጥበት እንደ ላብ ብቅ ካለ ያፈሳል። ይህን ያህል መጨነቃችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀፎ ውስጥ የገባ ውኃ ዘንበል ባላችሁበት በኩል ስለሚሮጥ የሚገለብጠው እሱ ነው።

ቀለሙ ነጥቶ እጅ ላይ ዱቄት የሚተው ከሆነ ፀሐይ ፕላስቲኩን አድርቆታልና ተዉት። መጎድጎድ ብቻ ከሆነ ግን ለዋጋ መደራደሪያ አድርጉት፤ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ወይም የፈላ ውኃ ከላዩ እየፈሰሰ ከውስጥ ቢገፋ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ስንጥቅን በሙጫ ወይም በሲሊኮን ጠገንኩት ያለ ሻጭ ቢያጋጥማችሁ አትመኑ። አብዛኞቹ ካያኮች የሚሠሩበት ፖሊኤቲሊን ሙጫ በደንብ አይዝለትም። የሚያዋጣው በሙቀት፣ በራሱ ዓይነት ፕላስቲክ መበየድ ነው፤ ከዚያ በፊት የስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ይበሳል፣ አለዚያ ስንጥቁ መንገዱን ይቀጥላል።

በአየር የሚነፋው ካያክ ማስቀመጫ ቦታ ለሌለው ሰው ጥሩ ነው። ቢያንስ ሦስት የተለያዩ የአየር ክፍሎችና ከሥሩ የሚገጠም ክንፍ ይኑረው፤ ከውኃ ሲወጣ ፀሐይ ላይ አየሩ ስለሚያብጥ ትንሽ ማስተንፈስ ያስፈልጋል። ነፋስ በበዛበት ቦታ ግን አንመክረውም።

ከቀፎው የተረፈው ገንዘብ ለነፍስ አድን ጃኬትና ለመቅዘፊያ ይሂድ። ከፍ ያለ የጀርባ መደገፊያ ላለው መቀመጫ የሚስማማው የጀርባ ስፖንጁ ከላይ ብቻ የሆነ ጃኬት ነው፤ ሙሉ ጀርባ የሚሸፍነው ወደ ፊት ይገፋችኋል፣ እንዲያ ሲሆን ደግሞ ሰው ያወልቀዋል። መቅዘፊያው ለ76 ሴንቲ ሜትር ስፋት 230፣ ከ81 በላይ ለሆነ ከ240 እስከ 250 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ካጠረ እጃችሁ ከቀፎው ጠርዝ ጋር ይጋጫል።

የዘንግ ማቆሚያ ለመግጠም አትቸኩሉ። ጥቂት ጊዜ ውኃ ላይ ተቀምጣችሁ እጃችሁ በተፈጥሮ የሚያርፍበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ከመብሳታችሁ በፊት በክዳኑ በኩል እጅ ከሥሩ መድረሱን አረጋግጡ። ከደረሰ ከውስጥ ሰፊ ሮንዴላና የማይላቀቅ ዳዶ ይገባል፣ ከማቆሚያው ሥር ቀጭን የጎማ ሉህ ይነጠፋል። ሮንዴላው ጠባብ ከሆነ ትልቅ ዓሣ ሲጎትት ቡሎኑ ፕላስቲኩን ቀዶ ይወጣል። እጅ ካልደረሰ ከውስጥ በሦስት እግር የሚከፈት ሪቬት ይሻላል። ከውኃ መስመር በታች ግን ምንም አትብሱ።

መልሕቅ 1.5 ኪሎ የሆነ ተጣጣፊ ይበቃል፤ ገመዱ ከውኃው ጥልቀት ቢያንስ 3 እጥፍ ይርዘም። ገመዱን የምታስሩት በፊት ወይም በኋላ ጫፍ ነው፣ በጎን ፈጽሞ አይታሰርም። በጎን የታሰረ ካያክ ወራጅ ውኃ ሲገፋው ገመዱ ጠርዙን ወደ ታች ይስበውና ይገለበጣል። በአንድ ስቦሽ የሚፈታ ቋጠሮ እሰሩ፣ የገመዱ መጨረሻ ላይ ተንሳፋፊ አድርጉ፣ ቢላ ጃኬታችሁ ላይ ይኑር። ትልቅ ዓሣ ከያዘ ወይም ጀልባ ወደ እናንተ ከመጣ ገመዱን ለቃችሁ ትሄዳላችሁ፤ ተንሳፋፊው ባለበት ይጠብቃችኋል።