ቁስቋም ዳገት ላይ ያገኘሁት ብሳና

ጎንደር የሄድኩት ግንብ ለማየት ነበር። ጠዋት የፋሲልን ግቢ ዞርኩ። ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ይዤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወዳሠሩት የቁስቋም ቤተ መንግሥት አቀናሁ። ባጃጇ ዳገቱ አጋማሽ ላይ አቃስታ ቀጥ አለች። ሹፌሩ "ትንሽ ትብረድ" አለኝ። ወረድኩ።

መንገዱ ዳር የተናደ ካብ አለ። ከካቡ በላይ ማንም የማያርሰው ቁራሽ መሬት። ሳይተክሉት የበቀለ ብሳና ሞልቶታል። ወሩ ሰኔ ስለሆነ ነጭ አበባው ተንዠርግጓል፣ ንቡም ይርመሰመስበታል። ሳይንሱ "ክሮተን ማክሮስታኪየስ" ይለዋል። ሁለተኛው ቃል "ባለ ረጅም ዘለላ" እንደማለት ነው። አልተሳሳቱም፤ ዘለላው እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል።

አንድ ቅጠል ቀጠፍኩ። ቅርጹ ልብ ነው። ላዩ አረንጓዴ፣ ሆዱ ነጣ ያለ። ከዘንጉ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ሁለት ጤፍ የሚያካክሉ እብጠቶች አሉት። ዘንጉን ሰበር ሳደርገው ፈሳሽ ጠብ አለ።

"ጭርት ወጣብህ እንዴ የኔ ልጅ?"

ጭራሮ የተሸከሙ እናት ናቸው።

"ኧረ የለም እማማ፣ እንዲሁ ልየው ብዬ ነው።"

"ቅጠል ለማየት?" ሳቁብኝ። "እኛ ልጅ ሳለን ጭርት የወጣበት ሁሉ ይኸን ነበር የሚቀባ። ፍሬውን ግን እንዳትቀምስ!"

እውነታቸውን ነው፤ ፍሬው መርዛም ነው።

ብሳና ብርሃን ወዳድ ነው። ጫካ ሲመነጠር ወይም እርሻ ሲተው ቶሎ ከሚደርሱት አንዱ እሱ ነው። ቶሎም ያድጋል። በከፋና በጅማ የደን ዳር ላይም ይኸው ነው ሥራው፤ እዚያ ለቡናም ጥላ ይሆናል። ቆይተው የሚመጡት ዛፎች ከሥሩ ተጠልለው ያድጋሉ። ቅጠሉ ከመርገፉ በፊት ብርቱካንማ ይሆናል፤ ሲበሰብስ ለአፈሩ ፍግ ነው። ገበሬው ማሳው መሀል ሳይቆርጥ የሚተወው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንጨቱን ግን አላሞግስም። ነቀዝ ይወደዋል። አያቴ ቤት አንድ የብሳና ዱካ ነበረች፤ በተቀመጥንባት ቁጥር ከሥሯ ዱቄት ትረግፍ ነበር።

ከማዶ ያለው ተዳፋት ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። ለምን ብሳና እንደማይተከል እማማን ጠየቅኳቸው።

"ባሕር ዛፍ ብር ነው። ይኸን ማን ይገዛሃል?"

መልስ አጣሁ። ሹፌሩም ጥሩምባውን ነፋ።

ቁስቋም ደርሼ አስጎብኚው ስለ እቴጌይቱ አዳራሽ ሲያወራ ዓይኔ ግድግዳው ሥር ነበር። ከድንጋዮቹ መሀል ጉልበት የማይደርስ ብሳና ብቅ ብሏል። አንዷ ቅጠሉ ብርቱካን ሆናለች።

"ይኸስ?" አልኩት።

"አረም ነው" አለኝ፤ "ሰሞኑን ይነቀላል።"