ከግሽ ዓባይ

ዛሬ ንጋት ላይ በባዶ ሆዴ ግሽ ዓባይ ጠበል ተጠመቅሁ። የሰከላ ብርድ አጥንት ይሰብራል! ከባሕር ዳር ከወጣሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። የተከራየሁበት ቤት ከመጠጥ ቤት ጋር በአንድ አጥር ነበር፤ ጓደኞቼ ማታ ማታ በሬን ሲያንኳኩ እምቢ ማለት አልቻልሁም። እናቴ «ልጄ፣ ከዚያ ቤት ሳትወጣ እንዴት ትድናለህ?» ስትለኝ ስንት ጊዜ ተቆጣኋት።

ጻድቁ አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለዚህ ምንጭ አደራ ሰጥተው፣ ውኃ ሳይነካቸው መልሰው እንደተቀበሉ አበው ይተርካሉ። እኔም እዚያው ቆሜ፣ የጠፋብኝን ራሴን እንዲመልስልኝ እግዚአብሔርን እያለቀስሁ ለመንሁት። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ምንም ሳይጠይቁኝ በነጠላቸው ሸፈኑኝ።

እጄ ዛሬ አልተንቀጠቀጠም። ማታ ለእናቴ ደወልሁላት፤ ድምፄን ስትሰማ እልል አለች።