የደባሌን ውሻ ጩኸት ያበረድንበት መንገድ

ውሻው የእኔ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የጉዳዩ ክብደት እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ሰው ስለ ራሱ ውሻ እንዳሻው ይወስናል። የደባል ውሻ ሲሆን ግን ከውሻው በፊት ከባለቤቱ ጋር መግባባት ያስፈልጋል፤ ያውም ኪራይ እየተካፈሉ፣ በአንድ ማድ ቤት እየተጋፉ፣ ጠዋት ማታ ፊት ለፊት እየተያዩ።

የምንኖረው ሐረር ነው፤ ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ሸንኮር አካባቢ። ግቢው ውስጥ አከራያችን እትዬ፣ አንድ ሐጂ ከነቤተሰባቸው፣ እና እኛ ሁለት ወንደላጤዎች አለን። እኔ ነርስ ነኝ፤ አዳር በምገባበት ሳምንት ቀን እተኛለሁ። ደባሌ አወዳይ ጫት ንግድ ላይ ስለሚሠራ እኩለ ቀን አካባቢ ወጥቶ አምሽቶ ይመጣል። ቡቺን ከእናቱ ጡት እንደወጣ ነው ያመጣው። አንድ ዓመት ሳይሞላው ግቢውን የሚያናውጥ ውሻ ሆነ። እኔ ሌሊቱን በሽተኛ ስጠብቅ አድሬ መጥቼ ገና ዓይኔን ስከድን ይጀምራል። ቤት በማድርበት ሌሊት ደግሞ እስኪነጋ አያቆምም። እንቅልፍ ያጣ ሰው መርፌ ይዞ በሽተኛ አጠገብ መቆም የለበትም፤ ስለዚህ ነገሩ ለእኔ የመናደድና ያለመናደድ ጉዳይ አልነበረም።

ምክር የሚሰጥ አልጠፋም። አንዱ አፉን በገመድ እሰሩት አለ። ይህ ውሻን ሊገድል ይችላል፤ ውሻ እንደ ሰው በላብ አይቀዘቅዝም፣ ሙቀቱን የሚያወጣው አፉን ከፍቶ ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። ቀትር ላይ ቆርቆሮ ሥር አፉን የታሰረ ውሻ ከውስጥ ይቃጠላል። ሌላው ዱላ መከረ። አንድ የሰፈር ሰው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በሥጋ ውስጥ አድርጌ አንድ ነገር ልስጠውና ተገላገሉ» አለኝ። በጭራሽ እንዳታስበው አልኩት። ለውሻ የሚሰጠው መርዝ ምን እንደሚያደርግ በሙያዬ አውቃለሁ፤ ጡንቻን እያኮማተረ፣ እያንቀጠቀጠ፣ ነፍስ እያወቀች ነው የሚገድለው። ግቢው ውስጥ ደግሞ መሬት ላይ ያገኘውን አንስቶ ወደ አፉ የሚወስድ የሐጂ የልጅ ልጅ አለ። ሐረር ውስጥ የሞተ ውሻ መንገድ ላይ ተኝቶ አይገኝም፤ በዚያው ሌሊት ጅብ ይበላዋል፣ መርዙም ወደ ጅቡ ይተላለፋል። ምሽት ምሽት ከሰው እጅ ሥጋ የሚበላ ጅብ ባለበት ከተማ መርዝ መጣል ከአንድ ውሻ በላይ የሆነ ጥፋት ነው። ይህን የምጽፈው ሐሳቡ የሚመጣላቸው ሰዎች ጥቂት እንዳልሆኑ ስለማውቅ ነው።

እኔ የጀመርኩት በመጻፍ ነው። ሆስፒታል በሽተኛ «አመመኝ» ሲል መቼ፣ የት፣ ምን ሲያደርግ ብለን እንጠይቃለን፤ የቡቺንም ጩኸት እንዲሁ ወረቀት ላይ ማስፈር ጀመርኩ። ሰዓቱን፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ፣ በዚያን ጊዜ ውጭ ምን እንደነበረና ግቢ ውስጥ ማን እንደነበረ። ጥቂት ሳምንት ሲያልፍ ሁላችንም «ሁልጊዜ ይጮኻል» የምንለው ነገር ሁልጊዜ እንዳልሆነ አየሁ። ጠዋት አይጮህም ማለት ይቻላል። የሚጮኸው በአራት ጊዜ ነበር፤ የአራቱም ድምፅ ይለያያል።

የመጀመሪያው ደባሌ ቁልፉን አንስቶ ሲወጣ ነው። ይህ መጮህ ሳይሆን ማላዘን ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ እየተመላለሰ የሚመጣ። ብቻውን ስለቀረ ነው። ሁለተኛው ከሰዓት በኋላ፣ ሰው በበሩ ሲያልፍ፣ ባጃጅ ሲቆም፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ነው፤ ይህ አጭር አጭርና የቁጣ ነው። የታሰረው ከቆርቆሮው በር ኋላ፣ በአጭር ሰንሰለት ነበር፤ በሩ ከመሬት ከፍ ስለሚል በሥሩ የሚያልፈውን እግር ሁሉ ያያል፣ ሊደርስበት ግን አይችልም። እያንዳንዱ መንገደኛ በራሱ ጊዜ አልፎ ይሄዳል፣ ቡቺ ግን እኔ አባረርኩት ብሎ ያስባል። ስለዚህ በቀን መቶ ጊዜ እንዳሸነፈ ይቆጥርና ነገም ይደግመዋል።

ሦስተኛው ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ የሚመጣው ነው፤ ከሁሉም የከፋው። ደባሌ ማታ ከሰንሰለቱ ይፈታዋል። ጅቦች ሲጨልም ወደ ከተማው ይገባሉ። ሰው እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ድረስ ያለውን ድምፅ ሲሰማ ውሻ እስከ 45 ሺህ ገደማ ይሰማል፤ በማሽተትማ ከእኛ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ እኛ ምንም ሳይሰማን እሱ ጅቡ መንገዱ ማዶ እንዳለ ያውቃል። ጅብ ውሻ ይበላል። ያ ሁሉ የሌሊት ጩኸት ጀግንነት ይመስለን ነበር፤ በመስኮት ቆሜ በባትሪ ሳየው ግን ጅራቱን እግሮቹ መካከል ወሽቆ፣ ጀርባውን ከግድግዳው አጣብቆ ነበር የሚጮኸው። ፈርቶ ነው። ይህን ካየሁ በኋላ በእሱ መናደድ አልቻልኩም።

አራተኛው የሱብሂ፣ የንጋት ሶላት፣ አዛን ሲጀምር ማላዘኑ ነው። ረጅም የተሳበ ድምፅ ሲሰማ አብሮ ይስባል፤ የቅዳሴ ድምፅ ማጉያ ሲከፈትም እንዲሁ። አጭር ስለሆነ ይህን ተውኩት።

ወረቀቱ በእጄ ካለ በኋላ የቀረው ንግግሩ ነበር። ጊዜና ቦታ መረጥኩ። ከአዳር በወጣሁበት ጠዋት አይሆንም፤ ራሴ ዕረፍት የሌለው ሰው ነኝ። እትዬ ቡና ባፈላችበት ሰዓትም አይሆንም፤ አከራይ ፊት የተነገረ ነገር ክስ ይሆናል፣ ሰው ደግሞ ሲከሰስ ውሻውን ሳይሆን ክብሩን ነው የሚከላከለው። አንድ እሑድ ጠዋት «ና ቡቺን ይዘን ወደ ሐኪም ተራራ እንውጣ» አልኩት። ወጣን። ውሻው መንገዱን ሁሉ እያሸተተ፣ ድምፅ ሳያሰማ ሄደ፤ ደባሌም ይህን አየ። እላይ ተቀምጠን ወረቀቱን ሰጠሁት።

አነበበና «አቦ! ውሻ ካልጮኸ ለምን ይያዛል? ለሌባ ብዬ እኮ ነው ያመጣሁት» አለኝ።

«ትናንት ሌሊት ሲጮህ ተነስተህ አየህ?»

«አላየሁም።»

«እትዬስ ወጣች? ሐጂስ?»

ዝም አለ። ከዚህ በላይ መናገር አላስፈለገኝም። ለሁሉ የሚጮኽ ውሻ ለማንም አይጮህም፤ ሌባ ቢገባም ግቢው ሁሉ ትራሱን ጆሮው ላይ ጭኖ ይተኛል። «እንቅልፍ ከለከለኝ» ብዬ ብጀምር ኖሮ የእኔ ምቾት ከእሱ ንብረት ጋር ይጋጭ ነበር። «ፈርቷል፣ ሰልችቶታል፣ ዘበኝነቱም ጠፍቷል» ሲባል ግን ችግሩ የሁለታችን ሆነ። ከዚያ በኋላ ሐሳብ የሚያመጣው እሱ ራሱ ነበር።

መጀመሪያ ሌሊቱን ያዝን። ምሽት ላይ የሥጋ ትራፊና አጥንት ያለበትን ቆሻሻ በማዳበሪያ አድርገን በር ላይ የምናስቀምጠው እኛው ነን፤ ጅቡን ወደ በራችን የሚጠራው እሱ ነበር። ክዳን ያለው በርሜል ገዝተን ውስጥ አስገባነው፤ ቆሻሻው የሚወጣው ሲነጋ ነው። ቡቺም ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ከቤታችን ኋላ ባለችው የእንጨት ማስቀመጫ ክፍል፣ ማዳበሪያ ተነጥፎለት፣ በሩ ተዘግቶ ያድራል። ጅብ እንደማይደርስበት ሲያውቅ ሌሊቱ ተለወጠ። አሁን ሌሊት ከጮኸ ደባሌ ባትሪ ይዞ ይወጣል፤ ምክንያት አለውና።

የቀኑ ሥራ ረዘመ። ከበሩ ኋላ አንስተን በጓሮ ከጊሽጣው ዛፍ ሥር አዛወርነው። ደባሌ አወዳይ አንድ የመኪና ማቆሚያ ግቢ ውስጥ ያየውን አስታውሶ በሁለት ቋሚ እንጨቶች መካከል ወፍራም ሽቦ ወጠረ፣ ሰንሰለቱንም ሽቦው ላይ በሚንሸራተት ቀለበት አሰረው። ውሻው ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፣ ጥላ ያገኛል። ሰንሰለቱ በእንጨቱ ዙሪያ እንዳይጠመጠም ቀለበቱ እንጨቱ ጋ ሳይደርስ የሚያስቆመው ቋጠሮ ሽቦው ላይ ያስፈልጋል። የበሩን ሥር በቁራጭ ቆርቆሮ ደፈንነው። ውኃውን በሚገለበጥ ጣሳ ፋንታ በከባድ የድንጋይ ገበታ አደረግነው፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ለውሻ የሚሆን ጀሪካን ለይቶ ማስቀመጥ ግድ ነው፣ ጣሳውን ገልብጦ ስለጠማው የጮኸበት ቀን በወረቀቴ ላይ ብዙ ነበር።

ምግቡ ድሮ ማታ አንድ ጊዜ ነበር። አሁን ግማሹን ደባሌ ሊወጣ ሲል ይሰጠዋል፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ያንሸራሽረዋል። ሮጦ የደከመና የበላ ውሻ ቀትርን በእንቅልፍ ያሳልፋል። ከሥጋ ቤት ትልቅ ጥሬ የግመል አጥንት እንገዛለታለን፤ ሲግጥ ይውላል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ግን አይሰጥም፣ ተሰንጥሮ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ሽንኩርት የበዛበት ወጥም ለውሻ ደም ጎጂ ነው፤ ይህን ስነግራት እትዬ ገረማት፣ ከዚያ ወዲህ ትራፊውን ለይታ ታስቀምጣለች።

የመለየቱን ማላዘን ለማስተው ትዕግሥት ጠየቀ። ቡቺ ሰውየው ከመውጣቱ በፊት ቁልፉን ሲያነሳ ነው የሚጨነቀው። ስለዚህ ደባሌ ቁልፉን እያነሳ ተመልሶ መቀመጥ፣ በሩን ወጥቶ ውሻው ድምፅ ሳያሰማ መመለስ፣ ቀስ በቀስ የሚቆይበትን ጊዜ ማስረዘም ጀመረ። እኔም ቤት ስሆን ሲጮህ አልወጣም፣ ስሙን አልጠራም፣ ዝም ሲል ብቻ ቁራጭ ድርቆሽ እወረውርለታለሁ። እትዬ በመስኮት «ዝም በል አንተ!» ትለው ነበር፤ ለውሻ ይህ አብሮት እንደሚጮኽ ሰው ነው፣ ያጠናክረዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ነገር አለ። መልስ መስጠት ስናቆም ጩኸቱ መጀመሪያ ባሰ። ድሮ በዚህ ያህል ሰው ይመጣልኝ ነበር፣ አሁን ካልመጣ ልጨምር ይላል። በዚያን ጊዜ ወጥቶ ያባበለው ወይም የገሠጸው ሰው «ረዘም አድርገህ ጩኽ» ብሎ አስተማረው ማለት ነው። ይህ እንደሚመጣ አውቀን ስለነበር እትዬንና ሐጂን አስቀድመን «ጥቂት ቀን ሊብስ ነው፣ ታገሡን» ብለናቸዋል። ባንነግራቸው ኖሮ በዚያው ሳምንት ውሻው ከነባለቤቱ ይወጣ ነበር።

ከሐጂ ጋር ስንነጋገር ያልጠበቅነውን ሰማን። ጩኸቱ አይደለም ያስቸገራቸው። «ጩኸቱንስ ታገሥኩት ልጄ፤ ለሱብሂ ስወጣ እየዘለለ ልብሴን ይልሰኛል» አሉ። በመዝሃባቸው፣ ማለት በሚከተሉት የእስልምና ሕግ ትምህርት፣ የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ መታጠብ አለበት፣ አንዱ በአፈር። በየንጋቱ ልብስ ቀይረው፣ ከጀመዓው፣ ከጋራ ሶላቱ፣ ዘግይተው ይደርሱ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አልተናገሩንም። ደባሌ አፍሮ መሬት መሬት አየ። አሁን ቡቺ ፀሐይ ሳትወጣ ከክፍሉ አይወጣም። ከግቢ ሰው ጋር የሚጣላ ውሻ ያለው ሁሉ ዝም ያለውን ጎረቤት ሄዶ ይጠይቅ እላለሁ፤ ብዙ ጊዜ ትልቁ በደል የሚገኘው እዚያ ነው።

ክትባቱን የማስፈጸም ድርሻ የእኔ ነበር። በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው የሚመጣው በውሻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ውሻ ከ3 ወር ዕድሜው ጀምሮ ይከተባል፣ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል። ስለ ጩኸት ስናወራ ይህ የሚመጣው የድምፅ መለወጥ አንዱ ምልክት ስለሆነ ነው፤ ዝምተኛ የነበረ ውሻ ድምፁ ጎርንኖ፣ ለሃጩ ተዝረክርኮ፣ ያለ ምክንያት መናከስ ከጀመረ ልማድ ነው ተብሎ አይታለፍም፣ ርቆ ባለሙያ መጥራት ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያጥብ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ።

ቡቺ ዛሬም ይጮኻል፤ በአዛን ያላዝናል፣ እንግዳ ሲመጣ ይናገራል። እኔ በየወሩ የአዳር ፕሮግራሜን በሩ ላይ እለጥፋለሁ። በእኔ የአዳር ሳምንት ደባሌ ጠዋት ረዘም አድርጎ ያንሸራሽረዋል፤ እሱ ለበዓል አገር ቤት ሲሄድ ደግሞ አጥንቱን ገዝቶልኝ ይሄዳል፣ ቡቺን ወደ ሐኪም ተራራ የማወጣው እኔ ነኝ።