ከመብራቱ በፊት ሙቅ ውሃው

ደብረ ብርሃን ፔንሲዮን ያላቸው አጎቴ በደወልኩ ቁጥር "ያ የምትሠራበት ማሽን ጄኔሬተሬን ይተካልኛል ወይ?" ይሉኛል። "ጋሼ፣ መጀመሪያ በቀን ስንት እንግዳ ሻወር እንደሚወስድ ይንገሩኝ" ስላቸው፣ "ስለ መብራት ስጠይቅህ ስለ ሻወር ታወራለህ!" ብለው ይስቁብኛል።

ጉዳዩ ግን እሱ ነው። እዚህ አልቦርግ፣ ዴንማርክ የምንፈትሸው ፍሪጅ የሚያክል፣ በሜታኖል (የአልኮል ዓይነት ነዳጅ) የሚሠራ ፊውል ሴል ነው፤ ሃይድሮጅንን ሳያቃጥል በኬሚካል መንገድ ወደ መብራት የሚቀይር ዕቃ ማለት ነው። ሜታኖሉ ከውሃ ጋር ተደባልቆ ይገባና 250 ዲግሪ ገደማ በጋለ የመዳብና የዚንክ ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ለውጡን የሚያፋጥን ነገር) ሲያልፍ ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድም አብሮ ይወጣል። መኪና ላይ የሚገጠመውን ዓይነት ሴል ያቺ ጥቂት ትመርዘዋለች፤ የእኛው ፎስፎሪክ አሲድ የጠጣ ሜምብሬን (ስስ ሽፋን) ስላለውና 160 ዲግሪ አካባቢ ስለሚሠራ ይችላታል። ይሄው ሙቀት ነው ቦይለሩንም የሚያሞቀው።

አንድ ሊትር ሜታኖል 4.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ የናፍጣን ግማሽ እንኳ አይሞላም። መብራት ሆኖ የሚወጣው ከዚያ ላይ ሲሶ ወይም ትንሽ ቢበልጥ ነው። የቀረውን በጭስ ማውጫ መልቀቅ ገንዘብ መበተን ነው። ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ያህሉን ወደ ውሃ ታንከር ከመለሱት ግን 40 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለገላ ደህና አድርጎ ያሞቃል።

ሌላም ነገር አለ። ጠዋት ስናስነሳው ካታሊስቱ እስኪግል መጠበቅ ግድ ነው። እሱን የሚያግለው ማስጀመሪያ እሳት መቀጣጠሉን በቀን ብርሃን ዓይን አያየውም፤ የምናምነው የሙቀት መለኪያውን ነው። የክፍሉን መብራት ስናጠፋ ብቻ በትንሿ መስኮት ስስ ሰማያዊ ነገር ይታያል። ስለዚህ መብራት ጠፋ ሲባል ወዲያው የሚደርስ ማሽን አይደለም፣ ባትሪ ይፈልጋል። ለጋሼ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ይሻላቸዋል ብያለሁ። የኛው ማሽን የሚያዋጣው ሙቅ ውሃ ቀን ከሌት በሚፈስበት፣ የመብራት መስመርም በሌለበት ቦታ ነው።

ታዳሽ ሜታኖሉስ? ደቡብ ዴንማርክ፣ ካሶ ላይ በ2025 የተከፈተው ፋብሪካ በዓመት 42,000 ቶን እንዲያመርት የታሰበ ነው፤ ሃይድሮጅኑን በፀሐይ ኃይል ከውሃ፣ ካርቦኑን ከባዮጋዝ ይወስዳል። የራሱን ትርፍ ሙቀትም ለአካባቢው ቤቶች ይልካል። ችግሩ መርከቦችም ይሄንኑ ነዳጅ ይፈልጉታል፣ እነሱ ደግሞ በቶን ነው የሚገዙት።

ጋሼ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካውን ኢታኖል ለምን አትጠቀሙም ይላሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን ኢታኖልን ለመበተን እጅግ የበለጠ ሙቀት ይጠይቃል፣ ካታሊስቱንም ጥላሸት ይሞላዋል። በሌላ በኩል ኢታኖል ሰው አያሳውርም። ሜታኖል አረቄ ይመስላል፣ ሽታውም ይቀራረባል፤ ጥቂት ጉንጭ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። አረቄ የሚቀመጥበት ግቢ ውስጥ በጀሪካን እንዲገባ እኔ አልፈርምም። ከገባም ታሽጎ ከማሽኑ ጋር ብቻ በሚገጥም ዕቃ፣ ቀለምና መራራ ነገር ተጨምሮበት፣ ቁልፉም አንድ ሰው እጅ ላይ ሆኖ።