ፓምፕ ቀያሪው ሁሉ የሚረሳት ቁራጭ

ጣና ላይ የጀልባ ሞተር የሚጨርሰው ዝገት አይደለም፣ ደለል ነው። ውሃው ጨው ስለሌለው ብሎን ነክሶ የመቅረቱ ጣጣ እኛ ዘንድ ብዙም የለም። ግን ክረምት ሲገባ ጉማራ፣ ርብና ግልገል ዓባይ አፈሩን ጠርገው ያመጡታል፤ ሐይቁ ሻይ በወተት ይመስላል። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ደግሞ በዚያው ውሃ ነው። ከፕሮፔለሩ ከፍ ብላ ያለችው ፓምፕ በጎማ ክንፎቿ እየሳበች ወደ ላይ ትልከዋለች። ደለሉ ክንፎቹንም፣ የሚዞሩበትንም ቤት ቀስ እያለ ይሞርዳል።

«ውሃ እስከተፋ ድረስ ጤነኛ ነው» የሚሉት የወደብ ወሬ አይዋጥልኝም። ከኋላ በቀጭኑ የምትወጣው ውሃ ፓምፑ መሥራቱን እንጂ በበቂ መሥራቱን አትነግርም። የኔዋ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት፣ ነዳጅ ስሰጣት ደህና ትተፋለች፤ ቀነስ ሳደርግ ትልፈሰፈሳለች። ከዘጌ ስንመለስ ረዳቴ «ጋሼ፣ ሽንቷ ቀጠነ እኮ» አለኝ። የካቲት 16፣ ለኪዳነ ምሕረት፣ ወደ ኡራ ገዳም የሚሄደው ሰው ሳይጎርፍ ልፈታት ወሰንኩ።

መፍታቱ ከባድ አይደለም። የካንዴላውን ገመድ መንቀል፣ የማርሹን ዘንግ ማለያየት፣ ብሎኖቹን ፈትቶ የታችኛውን እግር ወደ ታች መሳብ። ለብቻ ግን አይሞከርም፤ ድንገት ሲለቅ ይከብዳል። የፓምፑን ክዳን ስናነሳ ጎማዋ ደርቃለች፤ ክንፎቿ ወደ አንድ ወገን እንደተጣመሙ ቀርተዋል። የአንደኛው ጫፍ ጭራሽ የለም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ አዲሷን ገጥሞ ይሄዳል። እኔ ቁራጯን ሳላገኝ አልዘጋም። ከፓምፕ የተቆረጠ ጎማ የሚሄደው ወደ ላይ ነው፤ ወይ ቱቦው ውስጥ ወይ የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ጋ ይሰነቀራል። ከዚያ አዲስ ፓምፕ ተገጥሞም ሞተሩ ይግላል፤ «መለዋወጫው ፎርጂድ ነው» ይባላል። ቴርሞስታቱን ፈትተን ከላይ ወደ ታች ውሃ ለቀቅንበት። መጀመሪያ ጭቃ ወረደ። ቀጥሎ የእምቦጭ ሥር የመሰለ ክር። መጨረሻ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታክል ጥቁር ጎማ ዱብ አለች። ረዳቴ ከተቆረጠው ክንፍ ጋር ገጠማት፤ ልክክ አለች።

አዲሷ ስትገባ ፈሳሽ ሳሙና ቀቧት፤ ግራሶ አይሆንም። ሻፍቱን ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ እያዞራችሁ ክዳኑን ተጫኑት፣ ክንፎቹ ራሳቸው ይተኛሉ። ጎማዋን ከሻፍቱ ጋር የምትይዘው ትንሽዬ ብረት ዘላ ሐይቅ እንዳትገባባችሁ ከሥር ጨርቅ አንጥፉ። ጓርኒሲዮኑ፣ መጋጠሚያው መሃል የሚገባው ማሸጊያ፣ አዲስ ይሁን። የፓምፑ ቤት ከተሞረደም አብሮ ይቀየር፤ ጎማ ብቻ ገዝቶ መቆጠብ ለኔ ቁጠባ አይደለም። ደግሞ ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጀልባ ቆሞ ይውላል፤ አንድ ትርፍ ጎማ ከሳጥኔ አይጠፋም። እግሩን መልሳችሁ ስትሰቅሉ የውሃው ቱቦ ፓምፑ አፍ ውስጥ መግባቱን በባትሪ አብርታችሁ እዩ። ሳይገባ ከታሰረ ውሃው መንገድ ላይ ይቀራል።

«እስቲ ድምጿን ልስማ» ብሎ በደረቁ ማስነሳት የለም። ጎማዋን የሚያለሰልሳት ውሃው ራሱ ነው፤ ያለሱ ከዞረች ወዲያው ትቃጠላለች። እኛ በርሜል ሞልተን እግሯን ነከርንና አስነሳናት። ውሃዋ ቶሎ መጣች፣ ወፈር ብላ። አጠገባችን ቆመው ሲያዩ የነበሩ አንድ አዛውንት ታንኳ ቀዛፊ «የኔዋ ደንገል ናት፣ ፓምፕ አምጣ አትለኝም» ብለውን ሄዱ።