ድንኳኑ የት ይደር

ትናንት ቀብር ነበርኩ። ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ ከኛ ግድግዳ ቀጥሎ የነበረችው እትዬ ናት ያረፈችው፣ ስሟን እዚ አልጽፍም፣ እኔን አዝላ ያሳደገችኝ ሴትዮ ናት በቃ። ድሮ ቢሆን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የዕድራችን ለፋፊ የጋሼ ጡሩምባ ድምፅ ያስደነግጠን ነበር፣ ከአልጋህ ሳትነሳ "ዛሬ ደግሞ ማን ይሆን" ትላለህ፣ እማዬ ነጠላዋን እያጣፋች ወጥታ አጣርታ ትመጣለች። አሁን ቴሌግራም ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ሶፋ ላይ ሆኜ ስልኬ ጪው አለ፣ "እህታችን አርፋለች ቀብሯ ነገ 6 ሰዓት ዮሴፍ"፣ ከሥሩ አንዱ በስህተት አውራ ጣት ላከ፣ ወዲያው አጠፋው ግን ሁላችንም አይተነዋል።

ሰው ሲመጣ ባያችሁ። አንዱ ከአራብሳ፣ አንዱ ከአያት፣ እነእማዬ ከገላን ጉራ፣ አንዳንዱ ዘመድ ጋ ተጠግቶ። ግማሹ የደረሰው አፈር ከተመለሰ በኋላ ነው። በዕድራችን ደንብ ቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ጋሼ ጸሐፊ ስም የሚጠራው ቀብሩ ሲያልቅ ነበር፣ ትናንት መዝገቡን ይዞ ቆመና ዙሪያውን አየት አድርጎ ሳይጠራ ዘጋው። "ማንን ልቀጣ" አለኝ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ከመጀመሪያው ልበል። ያው ፒያሳ በ2016 ስትፈርስ እኛ ካዛንቺሶች ተመልካች ነበርን፣ ዶሮ ማነቂያ ሄደች፣ ሠራተኛ ሰፈር ሄደ እየተባለ ቡና ላይ እናወራ ነበር፣ እማዬ "እኛን ምን ይሉናል፣ ሒልተን አጠገብ ሆነን" ትል ነበር፣ እንደ ዋስትና። በ2017 መጀመሪያ ላይ ተራው ደረሰን። የመጡት ሰዎች በር በሩ ላይ ምልክት አድርገው ሄዱ፣ ስብሰባ ተጠራ፣ ኮንዶሚኒየም የምትገዙ፣ ኪራይ ቤት የምትፈልጉ ተብለን ተመዘገብን፣ ከዚያ ዕቃ መጫኛ መኪና መጣ። እማዬ ወሯን ሁሉ የምትከፍለው የቀበሌ ኪራይ ለአንድ ማኪያቶ አይበቃም ነበር፣ ደርግ በ1967 ትርፍ ቤት ሲወርስ አባቴ እጅ የገባች ቤት ናት፣ ሽንት ቤቱ ለስድስት ቤት አንድ፣ ጣሪያው ክረምት በመጣ ቁጥር ሦስት ባልዲ ያሰልፈናል። ናፍቆት ውሸት ያስወራል፣ እኔ ያንን ሽንት ቤት አልናፍቅም!

አባቴ አንድ ነገር ይለን ነበር። ካዛንቺስ የሚለው ስም ጣልያን በአምስቱ ዓመት ለመንግሥት ሠራተኞቹ ከሠራቸው ቤቶች ነው የመጣው፣ ካዛ ማለት ቤት፣ ኢንቺስ ደግሞ የቤት ሠሪው መሥሪያ ቤት ምኅፃረ ቃል። ድሮም ሰፈሩ በመንግሥት ቤት ነው የተሰየመው ማለት ነው፣ መንግሥት ቤት ውስጥ የተወለደ ሰፈር የኔ ነው ብሎ መከራከር ምን ዋጋ አለው ይል ነበር፣ ቀልዱን ነበር አሁን ግን ያስቀኛል ወይ ያናድደኛል መለየት አቃተኝ። ደግሞ የገረመኝ ነገር፣ ሰፈሩ ሲፈርስ በዚያው በጥቅምት ከኛ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለው የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ ተከፈተ። 1953 የተሠራ ሕንፃ ነው፣ መስታወቱ ሁሉ ተወልውሎ እንደነበረው እንዲሆን ተደክሞበታል። ታሪክ ስለሆነ ይገባዋል። አዝማሪ ቤቶቹ ግን፣ ሥጋ ቤቶቹ፣ የባህል ማዕከሉ ፈንድቃ ሳይቀር... ይቅር።

አሁን ሥራ ቦታዬ እዛው አካባቢ ስለሆነ በየቀኑ አልፍበታለሁ። ያምራል። ይሄን የማይል ሰው ይዋሻል። መንገዱ ሰፍቷል፣ የብስክሌት መስመር አለ (ብስክሌቱ ነው የሌለው)፣ ማታ መብራቱ ቀን ያስመስለዋል፣ ሴት ልጅ በ2 ሰዓት ብቻዋን ስትሄድ አትሰጋም፣ ድሮ ከቶታል ወደ ውስጥ ስገባ ቁልፌን በጣቶቼ መሃል ይዤ ነበር የምሄደው። ታዲያ ማን ይሄድበታል? እዛ የነበረ ሰው አሁን ሁለት አንዳንዴም ሦስት ታክሲ ተሰልፎ ነው የሚደርስበት። እማዬ ጉልት ላይ ቃሪያና ሽንኩርት የምትገዛት ሴትዮ ጠፍታለች፣ ስልክ የላት፣ ዕድር ውስጥ የለች፣ ጭራሽ የት እንደገባች የሚያውቅ ሰው አጣሁ።

ወደ ዕድሩ ልመለስ። ሰው ሲበተን ዕድሩ ምን ይሁን የሚለው ነገር ከተነሳ ቆይቷል። ባንክ ያለው ገንዘብ ብዙም አላጣላም፣ ገንዘብ ይከፈላል። ያጣላው ድንኳኑ ነው። ሁለት ድንኳን አለን፣ አንዱ አርጅቷል፣ አንዱ ከጥቂት ዓመት በፊት የተገዛ፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ብረት ድስቶች፣ 200 ሳህን። ሳህኖቹ ጀርባ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም "ካ" ተብሎ ተጽፏል፣ ልጅ ሆኜ ከእህቴ ጋር እኛ ነን የጻፍናቸው፣ እያንዳንዱ ሳህን ሦስት ሳንቲም አስገኝቶልናል።

ስብሰባው የት ተደረገ መሰላችሁ? እዛው ካዛንቺስ፣ አዲሱ መንገድ ዳር ያሉት መቀመጫዎች ላይ። ለሁሉም መሃል ስለሆነ። 14 ሽማግሌና አሮጊት፣ ድሮ የነ እንትና ሱቅ በነበረበት ቦታ ላይ፣ ከኋላቸው አበባ፣ ጋሼ ጸሐፊ መዝገብ ይዞ። ጥበቃው መጥቶ "ምንድነው የተሰበሰባችሁት" አለ፣ ልጅ ነው፣ ትሕትና ነበረው። አንዷ እትዬ "ቤታችን ነው ልጄ፣ ሳሎን ተቀምጠን ነው" አለችው፣ ልጁ ግራ ገብቶት ቆየና ሶፍት እንዳትጥሉ ያስቀጣል ብሎ ሄደ።

አንዱ ድንኳኑ ይሸጥ አለ፣ ሐምሌ 2016 የብሩ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የድንኳን ዋጋ የት ደርሷል፣ አሁን ብንሸጥ እናተርፋለን አለ፣ ይሄ ሰውዬ ድሮም ነጋዴ ነው። ሌላው ለሁለት ይቆረጥ አለ። ድንኳን ለሁለት! ጋሼ ጡሩምባ እስከዚያች ሰዓት ድምፁን አላሰማም ነበር፣ "የመጨረሻው ሰው እስኪሞት አይሸጥም" አለና ተነሳ፣ ክራንቹን ፈልጎ መሄድ ጀመረ፣ ተሯሩጠን መለስነው። አይሸጥም ተባለ። እሺ፣ የት ይደር? ኮንዶሚኒየም ውስጥ መጋዘን የለ፣ የዕድሩ ቤት ፈርሷል። ሁሉም ዝም። እማዬ "እኔ ጋ ይደር" አለች።

እማዬ ሦስተኛ ፎቅ ናት።

ድንኳኑን እኔና ወንድሜ ከሁለት የቀን ሠራተኛ ጋር አወጣነው፣ አልጋዋ ሥር ገባ፣ ብረቶቹ ግን ደረጃው ላይ አልዞር ብለው ምድር ቤት ከግድግዳው ጋር ታስረው ቀሩ፣ ልጆች ጎል አድርገዋቸዋል። ሳህኖቹ ኩሽና። ድስቶቹ በረንዳ። ስሄድ የምቀመጥበት ቦታ የለም፣ ስነጫነጭባት "አንቺ እንግዳ ነሽ፣ እነሱ ቤተኛ ናቸው" ትለኛለች። በልቤ ግን ሰው የማታውቅበት ሕንፃ ውስጥ ከድስት ጋር ተዘግታ ልታረጅ ነው ብዬ ነበር የምብሰለሰለው፣ ጎረቤቶቿ ከአራት ሰፈር የተሰበሰቡ ናቸው፣ በር ይዘጋሉ፣ ቡና ሲፈላ ሽታው ይመጣል ጥሪው አይመጣም።

ባለፈው ሳምንት አንደኛ ፎቅ ያለ ቤት ልጅ ክርስትና አነሱ። እናትየው ሳህን አጥሯት የሆነ ሰው "ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እማማ ጋ መጋዘን አለ" ብሏታል። እማዬ 60 ሳህን ቆጥራ ሰጠች፣ አስፈረመችም፣ ያስፈረመችው በጋሼ ጸሐፊ ደንብ መሠረት ነው። ሲመለስ 59።

ዛሬ ጠዋት ስደውልላት አታነሳም። ደጋግሜ ደወልኩ፣ ፈራሁ፣ ትናንት ከቀብር ስንመለስ ደክሟት ነበርና። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ራሷ ደወለች። የጎደለውን ሳህን ፍለጋ እየዞርኩ ነበር አለችኝ፣ ከምድር ቤት ጀምራ በር በር እያንኳኳች፣ ጀርባው ላይ "ካ" የሚል ቀይ ጽሑፍ ያለበት ሳህን አላያችሁም እያለች። ተገኘ ወይ አልኳት። አልተገኘም፣ ግን ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ፖፖላሬ ሰፈር የነበረች ናት፣ አባትሽን ታውቀዋለች፣ ከሷ ፊት ለፊት ያለው ልጅ ደግሞ ሚስቱ ልትወልድ ነው፣ አራት ቤት ቡና ጠጥቼ ልቤ እየመታ ነው አለች።

አራተኛ ፎቅን ገና አልጨረስኩም፣ ነገ ነው የምሄደው ብላ ዘጋችው።