የግቢ ንጣፍ፦ ብሎኬቱን ሳይሆን ሥሩን ጠይቁ

ግቢዬን ካስነጠፍኩ ወዲህ የሚመጣ ሰው ሁሉ ብሎኬቱን ከየት እንደገዛሁት ይጠይቀኛል። ከሥሩ ምን እንዳለ የሚጠይቅ ግን የለም። ገንዘቡ የገባው እዚያ ነው እኮ!

ሰፈራችን ለቡ አካባቢ ነው፤ መሬቱ መረሬ። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። እዚያ ላይ በቀጥታ ከነጠፋችሁ ኮብልስቶንም ሆነ ኢንተርሎክ (እርስ በርስ የሚገጣጠመው የኮንክሪት ብሎኬት) ብዙም ሳይቆይ አንዱ ጋ ይነሳል፣ ሌላው ጋ ይሰምጣል፣ የመኪናው ጎማ የሚመላለስበትም ይሰረጉዳል። ስለዚህ ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ይወጣና ገረጋንቲ (ጠጠር ያለበት መሙያ አፈር) ይሞላል። ሲሞላም በአንዴ ተገልብጦ አይደለም፤ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ እየተደለደለ፣ ውሃ እየጠጣ፣ እያንዳንዱ ንብርብር በኮምፓክተር እየተደበደበ ነው፤ ምክንያቱም ትንሿ ማሽን ጉልበቷ ወደ ታች ብዙ አይዘልቅም። ፎርማኑ «ኧረ እትዬ፣ ይሄ እኮ ለአስፋልት ነው» አለኝ። ይሁን አልኩት።

ኮብልስቶን ወይስ ኢንተርሎክ? ኮብልስቶን ዕድሜው ረጅም ነው፣ ድንጋይ ነዋ። ግን በደንብ ካልተጠረበ እግር ያደናቅፋል። እናቴ በምርኩዝ ስለምትሄድ እኔ ኢንተርሎክ መረጥኩ። ለቤት መኪና 6 ሴንቲ ውፍረት ይበቃል፤ ዕቃ የጫነ አይሱዙ የሚገባበት ግቢ ከሆነ 8 ይሻላል።

ስትገዙ ሁለቱን አጋጩና ስሙ። ጥሩው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ ደካማው ድፍን ይላል። በቁልፍ ጫሩት፤ አሸዋ ከረገፈ ተዉት። መቼ እንደተመረተና ስንት ቀን ውሃ እንደጠጣ ጠይቁ። ኮንክሪት ጥንካሬው የሚለካው በ28 ቀኑ ነው፣ ትናንት ከሞልድ የወጣ አትጫኑ። 10 በ20 የሆነው ለአንድ ካሬ 50 ይገባል፤ ለተቆራጭና ለሰባራ ትንሽ ጨምሩበት።

ጠርዙ ላይ ከርብ (የጠርዝ መያዣው) በኮንክሪት ይታሰር፣ አለዚያ ብሎኬቱ ወደ ጎን እየሸሸ ይከፈታል። ከብሎኬቱ ሥር የሚገባው አሸዋ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ነው፤ ጉድጓድ መሙያ አይደለም። ወለሉ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ያህል ከቤቱ ወደ ውጭ ይዘቅዝቅ። መኪና ለሚሄድበት ደግሞ ብሎኬቶቹ እንደ ዓሣ አጥንት እርስ በርስ ተቆላልፈው ቢደረደሩ የጎማውን ግፊት ይችላሉ።

አንድ ነገር ላይ ከሠራተኞቹ ጋር ተጨቃጭቄአለሁ፦ በብሎኬቶቹ መሃል ያለውን ክፍተት እንደ ሴራሚክ በሲሚንቶ ቦያካ እንሙላው አሉ። እምቢ አልኩ። ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ የገባው ውሃም መውጫ ያጣል። ደረቅ ደቃቅ አሸዋ በመጥረጊያ ይገባል፣ በማሽን ይነቀነቃል፣ ይደገማል። በኋላ ቧንቧ መቆፈር ቢመጣ ብሎኬቱ ሳይሰበር ተነስቶ ይመለሳል። ክረምቱ ሲያልፍም ጎደል ያለበት ቦታ አሸዋ ይጨመርበታል።

ዋጋ ስትጠይቁ «ካሬው ስንት ነው» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ቁፋሮው፣ አፈር ማስወጣቱ፣ ገረጋንቲውና ከርቡ አብረው መታሰባቸውን በውሉ ላይ አስጽፉ። ርካሽ የሚመስለው ዋጋ ብዙ ጊዜ እነዚህን የዘለለ ነው።